ጠበቃው ዝም ሲል



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ የሥራ ሕይወትና የችሎት ገጠመኝ» የሚል ነው። ገጠመኝ የምትለዋን የጨመሩት እንዳስቃችሁ ብለው ይመስለኛል። ችሎት ውስጥ የሚያስቅ ነገር አይጠፋም፤ የሚስቀው ግን ከችሎቱ ሲወጣ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰው ነው። ስለዚህ ገጠመኙን ቀነስ፣ ሥራውን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ሰው ስለ እኛ ያለው ግምት ከሁለት ቦታ የተቀዳ ነው። አንዱ ፊልም ነው። እዚያ ጠበቃው ኮቱን ቆልፎ በጁሪ ፊት ይንጎራደዳል፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ መጨረሻ ላይ እውነተኛው ወንጀለኛ ከታዳሚው መካከል ተነሥቶ ያለቅሳል። እኛ ዘንድ ጁሪ የለም። የምንከራከረው በዳኞች ፊት፣ ከጠረጴዛችን ሳንርቅ ነው። ተነሥቶ ያለቀሰ ወንጀለኛም እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን ግምት ማረም ቀላል ነው፤ አንድ ቀን ልደታ ፍርድ ቤት መጥቶ ችሎት የተከታተለ ሰው በራሱ ይተወዋል።

ሁለተኛው ግምት ግን የራሳችን ነው፤ እሱ ነው የሚያስቸግረኝ። የ«በላ ልበልሃ» ዘመን ያወረሰን ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ወይም ነገረ ፈጆቻቸው ዛፍ ሥር ወይም ገበያ ዳር ይቆማሉ። መንገደኛውን «ዳኘን» ብለው ያስቆሙታል። ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እየነቀነቀ፣ ቃሉን ቤት እያስመታ ይናገራል። በማር ይወራረዳል፣ በበቅሎ ይወራረዳል። ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ በቁራኛ ታስረው አብረው ሲውሉ አብረው ሲያድሩ የነበረበት ዘመን ነው። ያ ባህል ትልቅ ነው፤ በሥራዬ ብዙ ቃል የተማርኩት ከሱ ነው። ታዳሚው ግን ፍርድ ብቻ ሳይሆን አንደበትም ነበር የሚሰማው፤ ያ ታዳሚ ዛሬም አልሞተም። ልጁ የታሰረበት አባት ጠበቃ ሲያፈላልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አፉ እንዴት ነው?» ብሎ ነው።

እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። በወንጀል ችሎት ካየኋቸው ሽንፈቶች የበዙት የመጡት ባለመናገር ሳይሆን በመናገር ነው። አንዳንዴ ተከሳሹ ይናገራል፣ አንዳንዴ ቤተሰቡ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጠበቃው ሲናገር ነው።

ሕጉን ስታዩት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው፤ መሠረቱ የአውሮፓ አህጉር ሕግ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ከእንግሊዝ የሕግ ቤተሰብ ብዙ ወርሷል። ዋና ጥያቄ፣ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ድጋሚ ጥያቄ የምንለው አሠራር የመጣው ከዚያ ነው። በላ ልበልሃ ላይ ተሟጋቹ ራሱ ይናገራል። በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ የሚናገረው ምስክሩ ነው፤ ጠበቃው ይጠይቃል እንጂ አያወራም። ከ60 ዓመት በላይ በዚህ ሕግ ስንሠራ ብዙዎቻችን ግን መስቀለኛ ጥያቄ ተብሎ ስንነሣ ንግግር እናደርጋለን።

ሰው ሲያዝ ከሚሆነው እንጀምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ዝም የማለት መብት አለው። የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር መርማሪው «ተናገርና ተገላገል» ይለዋል። ስንቅ ይዛ የመጣች እናቱም «ልጄ፣ ያየኸውን ንገራቸው፣ ምን አደረግህና» ትለዋለች። በእኛ አገር ዝም ያለ ሰው ያመነ ነው የሚመስለው። ንጹሕ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይናገራል፤ እንዲታመን ይፈልጋላ!

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው ሰው አልገደለም እንበል። ያን ማታ ግን ሚስቱ የማታውቃት ሴት ቤት ነበር። መርማሪው «ማታ የት ነበርክ?» ሲለው «ቤቴ» ይላል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ የስልክ መረጃ ሲመጣ ግድያው ከተፈጸመበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ስልክ ደውሎ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ዐቃቤ ሕግ የሚያቀርበው ክርክር ስለ ግድያው መሆኑ ይቀርና ስለ ውሸቱ ይሆናል። «ንጹሕ ከሆነ ለምን ዋሸ?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ሚስቱን፣ ሴትዮዋንና ትዳሩን ችሎት ማቅረብ ሊያስፈልግ ነው። ይህ ሁሉ የመጣው ማንም ሳያስገድደው፣ ሻይ እየጠጣ በሰጣት አንዲት ቃል ነው።

ስለዚህ ከታሳሪ ጋር መጀመሪያ ስገናኝ ምን እንደሆነ አልጠይቀውም። እስካሁን ለማን ምን እንደተናገረ ነው የምጠይቀው። ለፖሊስ፣ አብሮት ለታሰረው ልጅ፣ በስልክ ለወንድሙ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ለፖሊስ የሚሰጥ ቃል አለ፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚሰጥ ቃል አለ፤ የሁለቱ ክብደት ለየቅል ነው። የትኛውን እንደሰጠ የማያውቅ ታሳሪ ብዙ ነው። «ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ» ይላል።

ቀጥሎ ጊዜ ቀጠሮ ነው። በአንቀጽ 59 መሠረት ለምርመራ የሚሰጠው ጊዜ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን አንቀጹ አልገደበም። የፖሊስ ማመልከቻ በየጊዜው ይመሳሰላል። የምስክር ቃል ይቀረናል፣ ግብረ አበር አልያዝንም፣ የሕክምና ማስረጃ አልመጣልንም። ጀማሪ ጠበቃ እዚህ ላይ ስለ ሰብአዊ መብት ረጅም ንግግር ያደርጋል። ዳኛው ያንን ንግግር ከሱ በፊት ከቆሙት አምስት ጠበቆች ሰምቶታል። የሚጠቅመው የባለፈውን ማመልከቻ ከዛሬው ጎን ማስቀመጥ ነው። ባለፈው ይቀሩናል የተባሉት አራት ምስክሮች ነበሩ፤ ዛሬም አራት ናቸው። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባለፉት 14 ቀናት ምን እንደተሠራ መርማሪው ያስረዱልን» ብሎ መቀመጥ። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ሲሠራ ግን የሚሠራው ይኼ ነው።

ስለ ክስ መቃወሚያ አላስረዝምም፤ የሕግ ተማሪዎች ካልሆናችሁ ያሰለቻችኋል። አንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ቆም ልበል፤ የደርግ ባለሥልጣናት ክስ። ታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የተጀመረው ችሎት የጥፋተኝነት ፍርድ ላይ የደረሰው ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ 12 ዓመት። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ የቆሙላቸው መንግሥት የመደባቸው ተከላካይ ጠበቆች ናቸው። አገር የተቆጣባቸውን ሰዎች ይዘው ነበር የሚቆሙት፤ ለክፍያው ሲል እዚያ የሚቆም ያለ አይመስለኝም። በመቃወሚያቸው ያነሡት ክርክር ግን የዋዛ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ስምምነት የፖለቲካ ቡድንን አይጠቅስም፤ የእኛ የ1949ኙ ሕግ አንቀጽ 281 ግን ይጠቅሳል። ታዲያ በፖለቲካ አቋሙ የተገደለ ሰው በዘር ማጥፋት ተገደለ ይባላል ወይ? ፍርዱ በአብላጫ ድምፅ ተሰጠ እንጂ በሙሉ ድምፅ አልነበረም። የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት መጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በ2000 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱን የወደደም ያልወደደም አለ። እኔ እንደ ሙያተኛ የማደንቀው እነዚያ ጠበቆች ይዘው የቆሙትን ነው፤ የሕግ አንቀጽ ይዘው ነበር የቆሙት፤ ያን ሁሉ ዕንባ በንግግር ሊያሸንፉ አልሞከሩም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፤ መስቀለኛ ጥያቄ።

የሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 137 አንብቡት፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። በዋና ጥያቄ ጊዜ መልሱን የሚጠቁም መሪ ጥያቄ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይቻልም። በመስቀለኛ ጥያቄ ይቻላል። የመስቀለኛ ጥያቄ ዓላማ ምስክሩ በዋናው ጥያቄ ከተናገረው ውስጥ ስሕተት፣ አጠራጣሪ ወይም ሐሰት የሆነውን ማሳየት ነው። በድጋሚ ጥያቄ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ ሊያጠራ የሚችለው በመስቀለኛው የተነሣውን ብቻ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ሕግ ስንት ሰው እንዳሳሰረች ብታውቁ! ጠበቃው ባያነሣው ኖሮ ዐቃቤ ሕጉ ሊመለስበት የማይችለውን ጉዳይ ጠበቃው ራሱ ያነሣለታል።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ቦታውንና ሁኔታውን ቀያይሬዋለሁ። ማታ አንድ ግሮሰሪ በር ላይ ጠብ ተነሥቶ ሰው በስለት ተወጋ። ደንበኛዬ በግድያ ሙከራ ተከሰሰ። ምስክሩ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። «ጥቁር ጃኬት ለብሶ ነበር፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፣ እሱ ነው» ብለው በጣታቸው አሳዩ። እንዲህ ያለውን ሰው «ይዋሻሉ» ብትሉ ችሎቱ በሙሉ ይጠላችኋል፤ ደግሞም አልዋሹም።

«አባቴ፣ ለፖሊስ ቃልዎን የሰጡት መቼ ነው?»
«በማግሥቱ ጠዋት።»
«ጣቢያ ሲደርሱ የት ተቀመጡ?»
«ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ላይ።»
«ሌላ ሰው ነበር?»
«ነበር እንጂ።»
«ይህ ልጅስ?»
«እሱም ነበር። እጁ ታስሯል።»
«ምን ለብሶ ነበር?»
«ያንኑ ጃኬት።»
«ቃልዎን የሰጡት እሱን እዚያ ካዩት በኋላ ነው?»
«አዎ፣ በኋላ።»

ከሌሎች ሰዎች ጋር አሰልፎ ማስመረጥ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ነው። በአንቀጽ 145 መሠረት ለፖሊስ የሰጡት ቃል እንዲታይልን አመለከትኩ፤ ተፈቀደ። ስለ ጠባሳ አንድም ቃል የለበትም። «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብዬ ተቀመጥኩ።

አብሮኝ የነበረው ወጣት ጠበቃ ኮቴን ጎተተኝ። «ጋሼ፣ ስለዚህ ያዩት እዚያ ሳይሆን ጣቢያ ነው በላቸው እንጂ!» አለ። የልቡን ፍላጎት አውቀዋለሁ፤ ያቺን የመጨረሻ ጥያቄ መጠየቅ ያንገበግባል። ብጠይቃቸው ግን እኚያ ሽማግሌ ቀና ብለው «የለም ልጄ፣ የመንገዱ መብራት ያለው ሱቄ ፊት ነው፣ በደንብ አይቼዋለሁ» ሊሉኝ ይችላሉ። ያኔ ዐቃቤ ሕጉ ስለ መብራቱ ሲያብራራ ይውላል። እንደዚያ ባይሉም እንኳ መደምደሚያው የዳኛው እንጂ የምስክሩ አይደለም። ብዙ ጠበቆች ደግሞ «ያልጠየቅሁትን እንዳመንኩ ይቆጠርብኛል» ብለው ይፈራሉ። አይቆጠርም። አንቀጽ 140 በግልጽ ይላል፤ በአንድ ነጥብ ላይ መስቀለኛ ጥያቄ አለማቅረብ ነጥቡን እንደማመን አይቆጠርም። ዝም ላለ ጠበቃ ሕጉ ራሱ ዋስ ሆኖለታል።

ሌላም ነገር አለ። ሥራ ስጀምር ዳኛ የምስክርን ቃል በእጁ ነበር የሚጽፈው። በዚያ ዘመን ጥያቄህን በብዕሩ ፍጥነት ልክ ካላደረግህ ያልጻፈው ያልተባለ ነው። አሁን ችሎት በድምፅ ይቀረጻል፣ ይገለበጣል። ዳኛው ለፍርድ ሲቀመጥ ወራት አልፈው ፊቱ ያለው ግልባጩ ብቻ ነው። ግልባጭ ላይ እጅ ማወናጨፍ አይታይም፣ የድምፅ ግርማ አይሰማም። ጥያቄ አለ፣ መልስ አለ። የተጠላለፈ ረጅም ጥያቄ ግልባጩ ላይ ስታነበው ምስክሩ «አዎ» ያለው ለየትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

በነገርኳችሁ ጉዳይ፣ ዐቃቤ ሕግ ሌሎች ምስክሮችም ስለነበሩት ልጁ እንዲከላከል ተበየነ። አንቀጽ 141 ማስረጃው ካልበቃ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበት ይላል፤ ያንን አላገኘንም። መጨረሻ ላይ በነጻ ሲሰናበት ግን ፍርዱ የሽማግሌውን ቃል ያልተቀበለበት ምክንያት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ አለ።

መጽሐፍ ላይ የማታገኙትን ደግሞ ልጨምር፤ ሽማግሌና ዕርቅ። ሰው የሞተበት ጉዳይ ሲሆን፣ በተለይ ከገጠር ሲመጣ፣ ከክሱ በፊት ወይም ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ሸንጎ አለ። ጋቢያቸውን የለበሱ ሽማግሌዎች ቢሮዬ ይመጣሉ። «ልጄ፣ አንተ በሕጉ ተከራከር፤ እኛ ደሙን እናድርቅ» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ደሙ ካልደረቀ ልጁ በነጻ ቢወጣም ወደ ቀዬው አይመለስም፤ ወንድሙም ገበያ ወጥቶ በሰላም አይገባም። ነገር ግን ዕርቅ የሚጀምረው «በድያለሁ» በሚል ቃል ነው። ልጁ ችሎት ላይ «አልፈጸምኩም» ብሏል። ነገ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በዐቃቤ ሕግ ምስክርነት ቢጠራስ? ጸሎት አድርሶ፣ እጁን ዘርግቶ የታረቀ ሰው ችሎት ቀርቦ «አልሰማሁም» ሊል ነው?

በሌላ በኩል፣ ልጁ ጥፋተኛ ከተባለ ያ ዕርቅና ካሣ ለቅጣት ማቅለያ ከምናቀርበው ሁሉ ጠንካራው ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ከሚዘረዝራቸው ማቅለያዎች መካከል መጸጸትና ጉዳትን መካስ አሉ። ለአንዱ መድረክ መድኃኒት የሆነው ቃል ለሌላው መርዝ ነው።

ከዚህ መውጫውን ያስተማሩኝ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸው። አንድ አዛውንት ጉዳዩን ካስረዳኋቸው በኋላ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ልጁ አይናገር፤ ቤተሰብ ለቤተሰብ ይነጋገር» አሉ። ለቅሶ ይደረሳል። «ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው» ይባላል። ማን ገደለ የሚለው አይነሣም። የሟች ቤተሰቦችም ጠላትነቱ እንዲበርድ እንጂ የችሎቱን ሥራ ለመሥራት አልመጡም። ከዚያ ወዲህ ስለ በላ ልበልሃ ያለኝን አመለካከት ትንሽ አሻሽያለሁ። ገበያ ዳር ለሕዝብ ከሚንበለበለው አንደበት ጎን፣ የቱን ቃል መቼ መያዝ እንዳለበት የሚያውቅ ሌላ አንደበት ነበረን ማለት ነው። ሥራችን የሚመስለው የሁለተኛውን ነው።

«ያደረገው መሆኑን እያወቅህ እንዴት ትቆምለታለህ?» የሚለውን ጥያቄ ካልመለስኩ አትለቁኝም። አጭር ነው። ብዙውን ጊዜ አላውቅም። ደንበኛው ነግሮኝ ካወቅሁም ውሸት መሆኑን የማውቀውን ምስክር አቅርቤ ማስመስከር አልችልም፤ የሙያ ሥነ ምግባር ይከለክለኛል፣ ፈቃዴንም ያሳጣኛል። ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ማስረጃ ግን ይበቃል ወይስ አይበቃም ብዬ መጠየቅ እችላለሁ፤ ግዴታዬም ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ለንጹሖች ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ማን ንጹሕ እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቅ ቢኖር ችሎት ባላስፈለገን ነበር። ይህን ጥያቄ በጣም የሚያነሡ ሰዎች የገዛ ወንድማቸው ሲያዝ እኩለ ሌሊት ላይ የሚደውሉልኝ እነሱ ናቸው፤ በዚህ አላማቸውም።

የመጨረሻው ቅጣት ነው። ሰው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ጠበቃው የሚያስለቅስ ንግግር ያደርጋል ብሎ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። በቅጣት አወሳሰን መመሪያው ግን ሥራው በእርከን ነው። ወንጀሉ በደረጃ ይመደባል፣ ማክበጃ ወደ ላይ ይወስዳል፣ ማቅለያ ወደ ታች ያወርዳል፤ በከባድ ወንጀል የእርከን ልዩነት ማለት ዕድሜ ማለት ነው። እርከን የሚያወርደው ደግሞ ወረቀት ነው። ቀድሞ ያልተከሰሰ ስለመሆኑ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ከዕድሩና ከሥራ ቦታው ደብዳቤ። ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ አንዳንዴ ቀናት ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ማኅተም ያዡ ፈቃድ ወጥቶ ይገኛል። ስለዚህ እኔ ወረቀቱን መሰብሰብ የምጀምረው ክሱ እንደተነበበ ነው። ደንበኛዬ ይቀየመኛል።

«ጋሼ፣ ገና ሳይፈረድብኝ?» ይለኛል።

«ካላስፈለገን እንቀደዋለን» እለዋለሁ።